አምባሰል የሚወዱ ዓሦች

መምህር ሙዘይን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተምራል። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ፣ እሱ ሲያስረዳ በአጥሩ ማዶ ደንበኛ የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ስለ ሴል ይማራሉ። እንዲያም ሆኖ ከምሳ በኋላ የሚገባበት ክፍል ይተኛበታል። አንድ ቀን ውሃ በሴል ሽፋን እንዴት እንደሚያልፍ በላብ እያስረዳ ከኋላ ወንበር ማንኮራፋት ተሰማ። ሀምዳን ነበር። ሀምዳን የክፍሉ ዘፋኝ ነው፤ ሲያንኮራፋ እንኳ ዜማ አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሙዘይንም ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሳቅ ቀደመው።

በዚያው ሳምንት ከደሴ ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስልኩን ሲነካካ አንድ የሳይንስ ዜና አነበበ። ኦክቶፐስ የሚባለው ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ አለው ይላል። ለብቻው ሊይዘው አልቻለምና አጠገቡ ለተቀመጡት ሴትዮ ነገራቸው።

«ያ አላህ!» አሉ ሴትዮዋ። «እኛን አንዱ ልብ መቼ አስቀመጠን!»

ከዚያ ከኋላ አንዱ ሦስቱም በአንድ ላይ ይመቱ እንደሆነ ጠየቀ። ረዳቱ አንዱ ቢደክም ሌላው ይሸፍንለት እንደሆነ ጠየቀ። ሐይቅ እስኪደርሱ ጥያቄው አላባራም። ሙዘይን ከሚኒባሱ ሲወርድ አንድ ነገር ከንክኖታል፤ ተማሪዎቹ ከመስከረም ወዲህ የጠየቁት ጥያቄ ቢኖር «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» የሚለው ብቻ ነው።

በማግስቱ ክፍሉን በኦክቶፐስ ጀመረ። የባቲ ሰው ልጅ የሆነችው ምላሰኛዋ አሪፋ ወዲያው እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሲያፈቅር በየትኛው ልብ ነው?» ከዚያ ጥያቄ ተነስቶ የደም ዝውውርን አንድም ሰው ሳይተኛ አስተምሮ ወጣ። ሙዘይን ደስታውን አልቻለውም፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ የሳይንስ ዜና ይዞ መግባት ልማዱ ሆነ።

ነገር የመጣው አንድ አርብ ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሙዘይን የዕለቱን ዜና ርዕስ አነበበ። «ዓሦች ሙዚቃ መለየት እንደሚችሉ ተመራማሪዎች አረጋገጡ።» ሁለተኛውን መስመር ሳይጀምር ተደወለ፣ ክፍሉም ተግተልትሎ ወጣ።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ቲማቲም ሲመርጥ ሻጯ ጠጋ አለችው። «መምህር፣ አምባሰል ሲዘፈንለት ዓሣው ከሐይቁ ዘሎ ይወጣል ብለህ አስተማርክ አሉ። በእጅ ነው የሚያዘው ወይስ ዕቃ ያስፈልጋል?»

«እኔ?» አለ ሙዘይን።

«አጃኢብ ነው» አለች ሴትዮዋ፣ የሱን መልስ ሳትጠብቅ። «ባለቤቴ ባልዲ ይዞ ወርዷል።»

ሙዘይን ወደ ሐይቁ ሲወርድ ባለ ባልዲው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ሀምዳን ጆሮውን በእጁ ይዞ ወደ ውሃው እየዘፈነ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ ላይ «አንተ ልጅ፣ ዓሣችንን አታስደንግጥብን!» እያሉ ይጮሁበታል።

ሰኞ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቀው።

«ወላሂ ቲቸር፣ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ቀና ብሎ አይቶኛል» አለ ሀምዳን።

«አዝኖልህ ነው» አለች አሪፋ። «ባቲ ብትዘፍንለት ኖሮ ጀልባ ላይ ይወጣ ነበር።»

በአምባሰልና በባቲ ነገሩ እየከረረ ሄዶ ደብተር መወራወር ሲጀመር ሙዘይን ጠረጴዛውን መታ። «በቃ! ጩኸት ማስረጃ አይሆንም። እንፈትሻለን።»

ለዚህ የርዕሰ መምህሩ የጋሽ ኑርዬ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጋሽ ኑርዬ የአምባሰል አገር በሆነችው ውጫሌ ተወልደው ያደጉ፣ ፊታቸው ለፈገግታ የሚሰስት ሰው ናቸው። የሙዘይንን ማብራሪያ እስከ መጨረሻው ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለዓሣ ልትዘፍኑ ነው።»

«ሳይንስ ነው ጋሼ።»

«ሳይንስ ከሆነ እኔም እገኛለሁ። አምባሰል ካሸነፈ በወላጆች ስብሰባ ላይ አሳውቃለሁ።»

«ባቲ ካሸነፈስ?»

ጋሽ ኑርዬ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ያኔ ጥናቱ ገና አላለቀም ማለት ነዋ።»

ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቹ ሐይቁ ዳር ተሰበሰቡ፤ ከተማውም ተከትሏቸው ወረደ። ሀምዳን ሁለቱንም ዜማ በስልክ ቀርጿል። የሙዘይን ታናሽ ወንድም ከጂዳ ያመጣው ስፒከር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሥርዓቱን ሙዘይን ራሱ አወጣ፤ ቦታው አንድ፣ ዘፋኙ አንድ፣ የድምፁ ልክ አንድ። ከደንገሉ እስከታሰረችው ጀልባ ድረስ ባለው ውሃ ላይ ብቅ የሚለው ዓሣ ይቆጠራል።

መጀመሪያ በጸጥታ ጠበቁ፤ አልፎ አልፎ አንዳንድ ዓሣ ብቅ አለ። ቀጥሎ ባቲ ተከፈተ። ያው ነው፣ ምንም ለውጥ የለም። አሪፋ ከንፈሯን ነከሰች። ሦስተኛው አምባሰል ነበር፤ ሊከፈት ሲል ጋሽ ኑርዬ ሕዝቡን እየገፉ ደረሱና ውሃው አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሙ። የሀምዳን ድምፅ ገና ከፍ ከማለቱ ውሃው እንደ ድስት ፈላ። ቆሮሶው እርስ በርሱ እየተረጋገጠ፣ ጅራቱን እያማታ መጣ።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይሰማል! እልልታ ሆነ። ባለ ባልዲዎቹ ውሃ ውስጥ ገቡ። አንዱ በስልክ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ እየደወለ «በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!» ይላል። ሀምዳንን ትከሻ ላይ አውጥተው ወደ ከተማ ይዘውት ሄዱ፤ ባጃጅ መቆሚያው ጋ ሲደርሱ ጣሉት፣ መልሰው አነሱት። ጋሽ ኑርዬ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ የሙዘይንን እጅ ጨበጡ።

አሪፋ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም። «ቲቸር፣ አምባሰል ብቻ አይደለም የመጣው። ጋሽ ኑርዬም አብረው መጥተዋል።»

«እና?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እጅዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ጋሽ ኑርዬ እጃቸውን ገና ያኔ ያዩት ይመስል ጎንበስ ብለው አዩት። ግማሽ ዳቦ ነው። የቀረው ፍርፋሪ ሆኖ ጫማቸው ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ውሃው ላይ ተበትኗል።

«ቁርሴ ነው» አሉ። «ነገር ሲይዘኝ እቆርሳለሁ። ስቆርስ ደግሞ…»

«ይረግፋል» አለች አሪፋ።

የቀሩት ተማሪዎች እንደገና ፈተሹ። አምባሰል ያለ ዳቦ ሲከፈት አንድ ዳክዬ መጥታ አይታቸው ሄደች። ዳቦ ያለ አምባሰል ሲሆን ውሃው ፈላ። አሪፋ አንድ ሙከራ ይቀረናል አለች፤ ጋሽ ኑርዬ ራሳቸው እየቆረሱ ባቲን ይዝፈኑ። አሻፈረኝ ብለው ሲያበቁ፣ ለሳይንስ ሲባል ዓይናቸውን ጨፍነው ዘፈኑ። ከወዲያ ማዶ ያለ ውሻ መለሰላቸው። ዓሦቹ ግን አንድም የሸሸ የለም፤ ዳቦው የጋሽ ኑርዬን ድምፅ እንኳ አስችሏቸዋል።

ያኔ ሙዘይን ስልኩን አውጥቶ ያንን የአርብ ዜና ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ታች አነበበላቸው። ተመራማሪዎቹ ዓሦቹን ያሠለጠኑት ሙዚቃውን በትክክል ሲለዩ ምግብ እየሰጡ ነበር ይላል።

«ቲቸር፣ ይህን አላነበቡትም ነበር?» አለች አሪፋ።

«ተደወለ እኮ» አለ ሙዘይን፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

እሁድ ማታ ሬዲዮው አወጀ። «በሐይቅ ከተማ በተካሄደ ጥናት ዓሦች አምባሰልን እንደሚመርጡ ተረጋገጠ።» ሰኞ ጠዋት ከውጫሌ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሽማግሌዎች ዓሦቹን ሊያመሰግኑ መጡ። ሙዘይን ይፈር ወይስ ይሳቅ ጨነቀው። በመጨረሻ ዜናውን ቃል በቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈውና ጠመኔውን አስቀመጠ። «እስቲ የራሳችሁን ዜና በጥያቄ ብሉት።»

ክፍሉ ተረባረበበት። ስንት ጊዜ ተሞከረ? ማን ቆጠረ? ለሬዲዮው የደወለው ሰው እስከ መጨረሻ ቆይቶ ነበር? ሀምዳን ሳይቀር «ከዘፈኑ ሌላ የተለወጠው ጋሽ ኑርዬ ናቸው» ብሎ በምሬት መሰከረ። ማስተካከያ ጽፈው ላኩ፤ ሬዲዮውም አላሳፈራቸውም፣ ረቡዕ አነበበላቸው። «የሐይቅ ዓሦች ከሙዚቃ ሁሉ ዳቦ እንደሚበልጥባቸው ተገለጸ።»

ሐሙስ ዳቦ ጋጋሪዋ ራህማ በሯ ላይ «በዓሦች የተመረጠ ዳቦ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈች፤ ሰልፉ አስፋልት ወጣ። አሪፋ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ «እትዬ ራህማ፣ ከየትኛው ዳቦ ጋር ተወዳድሮ ነው የተመረጠው?» ብላ ጠየቀች።

«ልጄ፣ ትገዣለሽ ወይስ ትፈትኚኛለሽ?» አለች ራህማ።

ይህ አመል ግን በአሪፋ አላበቃም። በሳምንቱ በትምህርት ቤቱ የጠዋት ሰልፍ ላይ ጋሽ ኑርዬ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት ስልክ የሚያበዛ ተማሪ ይወድቃል» ሲሉ ከአሥራ አንደኛ ክፍል በኩል የእጅ ደን በቀለ። የትኞቹ ጥናቶች? በስንት ተማሪ? ከማን ጋር ተነጻጽሮ? ጋሽ ኑርዬ ከመምህራኑ መሃል ሙዘይንን በዓይናቸው ፈለጉ። «ቢሮዬ ና።»

ሙዘይን ተከትሏቸው ገባ። ጋሽ ኑርዬ በሩን ዘጉ፣ መጋረጃውንም ሳቡ፣ ከዚያ ስልካቸውን አቀበሉት። ፌስቡክ ላይ የወጣ ነው። «ራሰ በራዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ብልህ መሆናቸው ታወቀ።»

«እውነት ነው?» አሉ፣ መላጣቸውን እየዳበሱ።

«እስከ መጨረሻው አንብበውታል ጋሼ?»

«ፈራሁ።»

አብረው ወደ ታች አነበቡ። መጨረሻው ላይ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት ማስታወቂያ ተቀምጧል። ጋሽ ኑርዬ ማስታወቂያውን ደግመው አነበቡት።

«ብልህ ከሆንኩ» አሉ በመጨረሻ፣ «ፀጉር እንዳበቅል ምን አስጨነቃቸው?»

ሙዘይን ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ይህችን ጥያቄ ነገ ከምሳ በኋላ ክፍሌ መጥተው ቢጠይቁልኝ።»

በማግስቱ መጡ። ሀምዳን ከኋላ ወንበር ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው፤ እሳቸውም ተቀምጠው እጃቸውን አወጡ።