የፓምፑ ጎማ፣ ዘጠና አምስት ዶላር

ታራይቪኒ ሂሳቡን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዘይት፣ ካንዴላ፣ ግሪስ፣ የእጅ ዋጋ፤ ድምሩ መቶ አርባ ዶላር። የማዕበሉ ወራት ባለፉ ቁጥር ለጀልባ ሞተሯ ሰርቪስ የምትከፍለው ይኸው ስለሆነ ቆጥራ ይዛ መጥታለች። ከታች ግን አንድ መስመር ተጨምሯል፦ የውሃ ፓምፕ ጎማ፣ ዘጠና አምስት።

«ሙኒ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የሞተርሽ ነዋ፣» አለ ሙኒ ላል እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አሮጌው አልቆ ነበር።»

«አሮጌ የሚባል የለኝም። በየካቲት በገዛ እጄ አዲስ ገጥሜበታለሁ።»

«እንግዲያው የገጠምሽው ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው።»

«አንተም የጻፍከው ጨፍነህ ይሆናል።»

ሙኒ ላል በሳቩሳቩ ከተማ ወደብ ዳር ከአባቱ በወረሰው ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሞተር ጠግኗል። ሰው ሲከራከረው አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ቆርቆሮ ያመጣል። ከየሞተሩ ያወጣውን አሮጌ ዕቃ የባለቤቱን ስም በጻፈበት የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣልና። አሁንም የእሷን ቆርቆሮ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ሁለት ካንዴላና አንድ የጎማ መዘውር ወደቁ። ከመዘውሩ ስድስት ክንፎች ሁለቱ ተሰብረዋል፣ የቀሩት እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልለዋል።

ታራይቪኒ አንስታ አገላበጠችው። ሰውየው አልዋሸም፤ የሚያቀዘቅዘውን ውሃ በዚህ ጎማ የሚስብ ሞተር የባሕሩ መሃል ሳይደርስ ይቃጠላል። እሷም አልዋሸችም።

«ይሄ የእኔ አይደለም፣ ሙኒ።»

«እህቴ፣ ከሞተርሽ ላይ ነው የፈታሁት። ቀድሞ የማን እንደነበር እኔ አልጠይቀውም።»

ትምህርት ቤት ሰኞ ይከፈታል። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያሉ አሥራ አንድ ልጆች የሚሻገሩት በእሷ ጀልባ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሳምንት አስቀርታቸው ነበርና ዘንድሮ ከትምህርት ቢሮ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው፦ በመክፈቻው ቀን ካልተገኘች ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከሙኒ ላል ጀርባ ግድግዳው ላይ «ዱቤ የለም፣ ለአማቼም ቢሆን» ተብሎ ተጽፏል። አማቹ ሦስት ጊዜ ሞክሮ እንዳልተሳካለት አገር ያውቃል።

«ቆይ፣» አለች በርጩማ ስባ እየተቀመጠች። «ሞተሩን ፈትተህ የት አኖርከው?»

«ማንጎው ሥር። ታችኛውን ክፍል አውልቄ ምሳ ሄድኩ።»

«ማንም አልመጣም?»

«ማን ይመጣል? አፔኒሳ ብቻ፤ ብሎን መፍቻ ሊዋስ። የማን ሞተር ነው አለኝ፣ የናሶሎዋ ታራይቪኒ አልኩት። ከምሳ ስመለስ እዚያው ቁጭ ብሎ ብቻውን ይስቃል።»

ታራይቪኒ ጎማውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የባሕር ዳሯ ናሶሎና የአፔኒሳ የተራራ መንደር ታውቩ ናቸው፤ ሽማግሌዎች ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ አባት የወጡ ናቸው ይላሉ። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ዕቃ ካማረው ሳይጠይቅ ይወስዳል፣ እንዳሻውም ይሰድበዋል። የተወሰደበት ሰው ፊቱን ካጠቆረ መንደሩን አዋረደ ማለት ነው። አባቷ የአንድ ታውቩን አሳማ ለልጁ ሠርግ አርዶ ባለቤቱን ራሱን ጋብዞታል። ስለዚህ አፔኒሳ አልሰረቀም። አዲሱን ጎማ ለራሱ ጀልባ ወስዶ በምትኩ ያለቀውን የራሱን ገጥሞላት ሄደ፤ ሙኒ ላልም ከምሳ ተመልሶ ያገኘውን አሮጌ አውጥቶ ሌላ አዲስ ገጠመ።

«ገባኝ፣» አለ ሙኒ ላል፣ እሱም እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነውና። «ያም ሆኖ እህቴ፣ ጎማውን እኔም ገዝቼ ነው ያመጣሁት።»

«ልክ ነህ። ያንጎና ትጠጣለህ?»

«ማን የማይጠጣ አለ?»

አፔኒሳ ገበያው መግቢያ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ የደረቀ የያንጎና ሥር በእስር በእስር ደርድሮ ተቀምጧል። ሥሩ ተወቅጦ በውሃ ይጠጣል፤ ጥሩው ውድ ነው፣ የተራራው ደግሞ ከሁሉም ጥሩ ነው። ገና ከሩቅ ሲያያት ጥርሱ ታየ።

«ኧረ የዓሣ ሽታ መጣ። ጀልባሽስ? በዋና ነው የመጣሽው?»

«ጭቃ እግር። እናንተ ጀልባ የምታውቁት ከመቼ ወዲህ ነው? ባለፈው ዓመት መልሕቁን ከነገመዱ የጣልከው አንተ አይደለህም?»

«ገመዱን የማሰር ሥራ ለእናንተ ይተው ብዬ ነው።»

እየሰደበችው ሁለት እስር መረጠች፣ ደረቅና ወፍራሙን፣ ብብቷ ሥር ከተተቻቸው። የምሳ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ባርኔጣውንም ከራሱ ላይ አንስታ በራሷ ደፋችው። አጠገቡ ጎመን የምትሸጠው ሴት ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። አፔኒሳ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ሌላ ምን ያደርጋል?

«ሌባ። ባርኔጣው ምን አደረገሽ?»

«እሱ የእጅ ዋጋ ነው፣» አለችና ዘንቢሏን አንጠልጥላ ሄደች።

ሙኒ ላል ሥሩን ብሎን በሚመዝንበት ሚዛን መዘነው፣ አሸተተው፣ ደግሞ አሸተተው። ዘጠና አምስቷን መስመር ሰርዞ ከጎኗ «ተከፍሏል» ብሎ ጻፈ። መቶ አርባውንም ተቀበለ።

ሞተሩንም ዘንቢሏንም ከጋራዡ ተሸክሞ ወደብ ያወረደላት ከኋላዋ የመጣው ራሱ አፔኒሳ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ክብደቱን ከእሷ ክብደት ጋር እያመሳሰለ። ጀልባዋ ላይ ገጥማ ስታስነሳው ከጎኑ የሚወጣው ውሃ ቀጭንና ብርቱ ሆኖ ተተፋ። አፔኒሳም ከጎን የቆመችውን የራሱን ጀልባ አስነሳ፤ የጀልባዋም ውሃ እንደዚያው ብርቱ ነበር።

«ያ የሚተፋው የእኔ ነው፣» አለች ታራይቪኒ።

«ያ ጥላ የጣለብሽም የእኔ ነው።»

ሰኞ በሰዓቷ ልጆቹ ጋ እንደምትደርስ እርግጠኛ ሆና ወደ ማዶ አቀናች። መሃል ባሕር ላይ ራባትና በቅጠል የጠቀለለችውን ካሳቫና ዓሣ ልታወጣ እጇን ወደ ዘንቢሉ ሰደደች። ዘንቢሉ ውስጥ ያለው ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ የተወችው ያለቀው የፓምፕ ጎማ ብቻ ነበር። ዞር ብላ ስታይ አፔኒሳ በሩቅ ጀልባው ላይ ቆሞ እያላመጠ እጁን ያውለበልባል።