ዘጠኝ እርምጃ

ላቀው ደምሴ በ1979 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ የካሜራውን ታይመር ጎትቶ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ፎቶ ለመነሣት ወደ ግድግዳው ሮጠ። እስከ ዛሬ አልደረሰም። ርቀቱ ዘጠኝ እርምጃ ነበር።

ነገሩ የሆነው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ላቀው ከአባቱ በወረሰው ቤት ግቢ ነው። ካሜራውን በግማሽ በርሜል ላይ አስቀመጠ። ሚስቱን ውድነሽንና የሰባት ዓመት ልጁን ሰርካለምን ከግድግዳው ሥር አቆመና በመሃላቸው ለራሱ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተወ። “መጣሁ! እንዳትነቃነቁ!” ብሎ ተነሣ። ታይመሩ አሥር ሰከንድ ያህል ጥዝዝ ይልና ቀጭ አድርጎ ፎቶውን ያነሣል። ያን ዕለት ጥዝዝታው ቀጠለ፤ ቀጭ ሳይል ቀረ። ላቀውም በግቢው ውስጥ አልታየም።

እናትና ልጅ እስከ ምሳ ሰዓት ቆሙ። ፀሐዩ ሲበረታ ውድነሽ፣ “ሲደርስ ይጠራናል” ብላ ልጇን ወደ ቤት አስገባች። በማግስቱ ቀበሌ ሄደች።

“ሞቷል?” አላት ጸሐፊው።

“ኧረ አልሞተም።”

“ጠፍቷል?”

“የት እንዳለማ አውቃለሁ። ከበርሜሉና ከግድግዳው መሃል ነው።”

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ነክሶ አሰበና “በመምጣት ላይ” ብሎ ጻፈ። በየዓመቱ ያንኑ ያድሱላታል። ካሜራውን ቁም ሣጥን ላይ አኖረችው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ቀንም ሌትም ጥዝዝ አለባት። በመጨረሻ “ይህ ዝንብ ራሴን በላው” ብላ ለቆራሌው ሰጠችው። ይህን በማድረጓ እስክትሞት ተጸጸተች። የሞተችው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። በቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ “ባለቤቷ አቶ ላቀው በመምጣት ላይ ናቸው” ከሚለው ሲደረስ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዞር አለ። ማንም አልገባም፤ ንባቡ ቀጠለ።

ሰርካለም አሁን አርባ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ አትነቃነቂ ብሏታልና አልተነቃነቀችም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት አልሄደችም። አግብቶ ጅቡቲ ሊወስዳት የፈለገውን ሰው “እዚሁ ከሆነ እሺ” አለችው፤ ሰውየው ብቻውን ሄደ። ድሬ ላይ በማታ ተምራ የጂኦግራፊ መምህርት ሆነች፤ ከምታስተምራቸው አገሮች አንዱን እንኳ አላየችም። እግሮቿ ግን ትእዛዙን ተቀብለው አያውቁም። ስትቀመጥ ከወንበሩ ሥር ይራመዳሉ። ስትተኛ አንሶላውን ሲረግጡ ያድራሉ። የጫማዋን ሶል አንድ ቦታ ተቀምጣ ትጨርሰዋለች፤ ጫማ ሰፊው “እትዬ፣ የት የት ነው የሚሄዱት?” ይላታል። ሴትየዋ መቀመጥ አልቻለችም፤ መሄድም አልተፈቀደላትም። እንግዲህ ከዚህ የባሰ እስር ካለ የታሠረበት ይንገረን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የድሮ ካሜራ ወዳጆች በጋሽ ጉተማ የተዘጋ ፎቶ ቤት ይሰበሰባሉ። ጋሽ ጉተማ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ የድሬዳዋን ግማሽ ሕዝብ ለመታወቂያ አንሥተዋል። አሁንም ፊልም በእጃቸው ያጥባሉ፤ ዲጂታል የሚባለውን ነገር “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ዚያድ ደግሞ በአዲስ ዲጂታል ካሜራ ላይ የድሮ ሌንስ እየገጠመ ያነሣል። “ለጎረምሳ የሽማግሌ መነጽር” እያሉ ይተርቡታል። ሌሎችም ይመጣሉ፣ ይቀራሉ። ሰርካለም ግን ቀርታ አታውቅም። ካሜራ ያለበት ቦታ ሁሉ አባቷ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ይመስላታል።

ማህበሩ አንድ ወግ አለው። አዲስ የተገኘ የድሮ ካሜራ ሲመጣ በዓይን አይታይም። ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፤ ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጠዋል። “ዓይን ለቆዳውና ለኒኬሉ ይሸነፋል፤ ጆሮ ግን ጉቦ አይበላም” ይላሉ ጋሽ ጉተማ።

በየካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ ዚያድ በፌስታል ጠቅልሎ አንድ ካሜራ አመጣ።

“አቦ ይሄ ነገር ዝም አይልም” አለ። “ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ከገዛሁት ሳምንቴ ነው፤ እንደጮኸ ነው።”

ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ ጋሽ ጉተማ አዳመጡ።

“ታይመሩ ነው። ያልቃል፤ እንጠብቅ” አሉ።

ጠበቁ። ሁለት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጡ። አላለቀም። ካሜራው ሰርካለም ዘንድ ደረሰ። ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ ከጠረጴዛው ሥር ሲራመዱ የነበሩት እግሮቿ ቀጥ አሉ።

“የአባቴ ነው” አለች።

ካሜራው ባለ ሁለት ዓይን ነው። በታችኛው ዓይን ፊልሙ ያያል፤ በላይኛው ሰው ያያል። የሚያነሣው ሰው ከላይ ክዳኑን ከፍቶ ቁልቁል አንዲት አራት ማዕዘን መስታወት ይመለከታል። ሰርካለም ዓይኗን ገልጣ ክዳኑን ከፈተች። መስታወቱ ላይ መታየት የነበረበት ከፊት ለፊት ያለው የጋሽ ጉተማ መጋረጃ ነበር። የታየው የእነሱ ግቢ ነው። በግድግዳው ሥር እናቷ በአበባ ቀሚስ ቆማለች፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ትንፋሿን ይዛ ቆማለች። በመሃላቸው ክፍት ቦታ አለ። ወደዚያ ክፍት ቦታ የሚሮጥ ሰው ጀርባው ይታያል፤ አንድ እግሩ አየር ላይ ነው።

“ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል” አለች። እንባዋ መጣ። ደስ አላት፤ ተናደደችም። ሸሚዙን ከሱሪው ውስጥ ሳይከት ፎቶ ሊነሣ መሮጡ ነው ያናደዳት፣ ወይም ሌላው ሁሉ ነው።

“ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ እየሮጠ ነው?” አለ ዚያድ።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አሉ ጋሽ ጉተማ።

ዚያድ በዲጂታሉ መስታወቱን ከላይ ፎቶ አነሣው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ በሦስተኛውም አነሣ። ከዚያ ሦስቱን ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ አነባብሮ ለካ። የታይመሩንም ዘንግ እንዲሁ ለካ። የዲጂታል ጥቅም ለጋሽ ጉተማ የገባቸው ያን ቀን ነው፤ አፍ አውጥተው ግን አልተናገሩም።

“ከዘጠኙ እርምጃ ሰባቱን ጨርሷል” አለ ዚያድ። “ሁለት ቀርቶታል። በዚህ አካሄዱ አሥር ዓመት ተኩል ይፈልጋል።”

“ታይመሩስ?” አለች ሰርካለም።

“ታይመሩ በመጪው ቅዳሜ ያልቃል። አምስት ሰዓት ገደማ።”

 ካሜራው ብቻ ጥዝዝ ይላል።

“ካልደረሰስ?”

“ፎቶ ከተነሣ በኋላ የሚሮጥ ሰው የለም፣ ልጄ” አሉ ጋሽ ጉተማ።

“ዘንጉን ወደ ኋላ ብንመልሰውስ?”

“በጉዞ ላይ ያለ ዘንግ አይነካም። ጥርሱ ይሰበራል፤ እሱም እዚያው ይቀራል።”

ሰርካለም ያን ሳምንት አልተኛችም። ክፍል ውስጥ የናይልን ወንዝ ሁለቴ ወደ ደቡብ አፈሰሰችው፤ ተማሪዎቿ አረሟት። ሐሙስ ዕለት ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄዳ በሩን አንኳኳች። ዚያድም እዚያው ነበር።

“እሱ ካልደረሰ እኔ እሄድለታለሁ” አለች። “ፎቶው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ወደፊት ብመጣ ይደርስብኛል።”

ዚያድ የካሜራውን የፎከስ መዘውር ለማዞር ሞከረ። “ፎከሱ ግድግዳው ላይ ነው፣ ሰርኬ። መዘውሩ ደግሞ በአሸዋ ተጣብቋል፤ አይዞርም። ወደፊት ከመጣሽ ትደበዝዣለሽ።”

“ልደብዝዝ።”

“እንዳትነቃነቂ ብሎሽ የለም?” አሉ ጋሽ ጉተማ።

“ብሎኛል” አለች። እግሮቿ በበሩ ደፍ ላይ ቆመው ይራመዱ ነበር።

ቅዳሜ ካሜራውን በዚያው ግማሽ በርሜል ላይ አስቀመጡት። በርሜሉ ከቦታው ተነሥቶ አያውቅም። ግድግዳውም ከዚያ ወዲህ ቀለም አልነካውም። ሰርካለም በልጅነቷ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች። በስተቀኟ የአባቷ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ወዲያ የእናቷ ቦታ ነው፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ጋሽ ጉተማ ባርኔጣቸውን ለጥላ ይዘው መስታወቱ ላይ አቀረቀሩ። ዚያድ ዘንጉንና ሰዓቱን እያየ ቆመ።

“አሁን” አለ ዚያድ።

ሰርካለም አንድ እርምጃ ተራመደች። በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ ከአባቷ ትእዛዝ የወጣችበት የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ነው። 

“ልጅቷ ተነቃነቀች” አሉ ጋሽ ጉተማ ካቀረቀሩበት። “እናትሽ አየቻት። ተቆጥታለች።”

ሁለተኛውን ተራመደች።

“እናትሽ ልትመልስሽ እጇን ዘርግታለች። አባትሽ ግን ከጎንሽ ሊያልፍ ነው። ትንሽ ወደ ግራሽ!”

ወደ ግራዋ ሄደች።

“ኧረ ራቅሽው! ወደ ግራ አልኩሽ!”

አሁንም ወደ ግራዋ ሄደች።

“ጋሼ፣ መስታወቱ ያገላብጣል!” ብሎ ዚያድ ጮኸ። “ግራው ቀኝ ነው!”

ጋሽ ጉተማ በዚህ ዓይነት ካሜራ ሃምሳ ዓመት ሠርተው ይህን ስሕተት ሲሠሩ ለሁለተኛ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው አንድ ሙሽራ ከሠርጉ ፎቶ ውጭ ቀርቷል። “ወደ ቀኝሽ!” አሉ። “ወደ ቀኝሽ፣ ልጄ! ቶሎ!”

“ሦስት ሰከንድ” አለ ዚያድ።

ለመመለስ ጊዜ አልነበረም። ሰርካለም በሰያፍ ሮጠች፤ ሁለት ሊሆን የታሰበው እርምጃ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ቀኝ እጇን ወደ ባዶው አየር ዘረጋች። አንድ ላብ ያጠመቀው እጅ ያዛት።

ቀጭ አለ።

ጥዝዝታው ቆመ። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ ጸጥታው ለጆሮ ከበደ፤ የጎረቤት ውሻ ተነሥቶ መጮህ ጀመረ። ላቀው ደምሴ በግቢው መሃል ጎንበስ ብሎ ያለከልካል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። መነጽሩ ወደ አፍንጫው ጫፍ ተንሸራቷል።

“ደረስኩ?” አለ።

“ደረስክ አባዬ” አለች ሰርካለም። 

ላቀው ቀና ብሎ አያት። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ አድርጎ ደግሞ አያት። ዚያድ ዲጂታሉን አንሥቶ ወደ ሰርካለም አነጣጠረ፤ የሌንሱን ቀለበት ወዲህም ወዲያም አዞረ። በርሜሉ ጠራ፣ ግድግዳው ጠራ፣ የላቀው ሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ጠራ። የእሷ ፊት ግን እንደፈራው ደብዝዞ ቀረ፤ አልጠራም። ካሜራውን ዝቅ አደረገና መሬት መሬት አየ።

“ይቅርታ እትዬ” አለ ላቀው እጁን ቀስ ብሎ ከእጇ እያስለቀቀ። “እዚህ ቆማ የነበረች ልጅ አላዩም? እንዳትነቃነቅ ነግሬያት ነበር።”

ሰርካለም አፏን ከፈተች። ከመናገሯ በፊት ላቀው ወደ ግድግዳው ዞረና ፊቱ በራ። ግድግዳው ላይ፣ በሰባት ዓመት ልጅ ቁመት ልክ፣ አንድ ጥላ ቆሟል። ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ጥርት ያለ ነው። ከፊቱ ግን ማንም የለም።

“ጎበዝ! አልተነቃነቀችም” አለ። ሄዶ ከጥላው አጠገብ ቆመ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፤ የጥላዋን እጅ ያዘ። “ውድነሽ ለምሳው ገብታ ይሆናል። እትዬ፣ ካላስቸገርኩዎት አንዴ ያንሡን። ይቺ ልጅ ብዙ ቆመች።”

ጋሽ ጉተማ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሰርካለም ወደ በርሜሉ ሄደች፤ ፊልሙን ወደሚቀጥለው አዞረች። ከዚያ መስታወቱ ላይ አቀረቀረች። አባቷ ፈገግ ብሎ ቆሟል። በጎኑ ልጅቷ ቆማለች፤ ጥላ አይደለችም፤ የአንገትጌዋ ጥልፍ ሳይቀር ይታያል። ትንፋሿን ይዛለች፤ ዓይኗን ካሜራው ላይ ተክላለች፤ ማንንም አትፈልግም።

“እንዳትነቃነቁ” አለች ሰርካለም።

ሁለቱም እሺ አሉ። የልጅቷ እግሮች ብቻ፣ በቆሙበት፣ ይራመዱ ነበር።