ጥንድ ያጡት ሁለቱ

ያን ቀን ጠዋት ለላቦራቶሪ ባለሙያዋ ወንበሩ እሳት ሆነባት። የወንድሟ ክሮሞሶም በማይክሮስኮፕ ፎቶ ተነስቶ ስክሪኗ ላይ ተበትኗል። ሥራዋ መደርደር ነው፤ ወገቡ መሃል ላይ የሆነውን ለብቻ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለውን ለብቻ፣ ጫፍ ላይ የሆነውን ለብቻ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ከጥንዱ ጋር። ወገቡ ክሮሞሶሙ ጠበብ የሚልበት ቦታ ነው፤ የትምህርት ቤት ስሙ ሴንትሮሜር ነው፤ እሷ ግን ወገብ ማለት ከጀመረች ቆየች።

ጣጣው የመጣው ከቤት ነው። የወንድሟ ሚስት ፅንስ አልጸና ብሏት ስትሰቃይ ከረመች። እናታቸው ደግሞ፣ ምላሷን ይያዝላትና፣ «ማህፀኗ አይቋጥርም፤ ልጄን ትልቀቀው!» እያለች ቤቱን ታምሰዋለች። የምራቲቱ ምርመራ ደህና ሆኖ ወጥቷል። የቀረው የልጇ ነው።

ደረደረች። ጫፍ ላይ ወገብ ካላቸው ሁለቱ ጥንድ አጡ። መሃል ላይ ካላቸው ደግሞ አንድ ትርፍ መጣ። «ወይ ጉድ! እኔው ነኝ ያበላሸሁት» ብላ ትርፉን ካንዱ ጋር ልታጣምር ታገለች፤ እምቢ አለ። ሌላ ሴል ከፈተች። ያው። ሌላም ከፈተች። ያው ነው! ተነስታ እጇን ታጠበች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ገና ያኔ ገባት። ትርፍ ያለችው ትርፍ አይደለም፤ የጎደሉት ሁለቱ ወገብ ለወገብ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ለራሱ ለወንድሟ ምንም አይለው፤ ለልጁ ሲያካፍል ነው የሚዛባው።

ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ወንድሟን ለብቻው አስገባው። እሷ ኮሪደሩ ላይ፣ ልጇን ተከትላ ከመጣችው እናቷ ፊት ትንጎራደዳለች።

«ኧረ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ እኮ!» አለች እናቷ።

ወንድምየው ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ።

«እማዬ፣ ከእኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ፅንሱ የማይጸናው። እሷ ምንም የለባትም። ከወላጅ የሚወረስም ነው አሉኝ።»

ባለሙያዋ አሁን እናቴ ሆስፒታሉን በጩኸት ትቀውጠዋለች ብላ ፈራች። እናትየዋ ግን የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ማፍተልተል ጀመረች።

«አባታችሁ እንኳ አያውቅም» አለች። «ከእናንተ በፊት ስንቱ ጨነገፈብኝ! አማቴ ሰምታ እንዳታባርረኝ፣ አፌን በትራስ አፍኜ ነበር የማለቅሰው።»