የወይዘሮ ዘነቡ ተራ

ረዑት፣ የኢትዮጵያውያን ልጅ፣ እስራኤል አገር ሃይፋ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ተማሪዎቿ «ሁሉም ነጥብ በአንድ ፈተና ላይ መንጠልጠሉ ግፍ ነው» ብለው አስተያየት ስለሰጡ፣ ዘንድሮ ግማሹን ለቡድን ውይይት አደረገችና እርስ በርስ ነጥብ እንዲሰጣጡ ፈቀደች። ባልደረቦቿም እሰይ አሏት።

ነጥቡ በተለጠፈ ማግስት ተማሪዋ ወይዘሮ ዘነቡ ከክፍል ቀሩ። ጠዋት ወደብ ላይ እያጸዱ፣ ከሰዓት ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር የሚማሩ የጎንደር ሰው ናቸው። ረዑት ደነገጠችና ሳታነብ ነጥባቸውን ብቻ ገልብጣ የለጠፈቻቸውን የተማሪዎቹን ወረቀቶች ገለጠች። አራቱም የቡድን ጓደኞቻቸው ለተሳትፎ ዜሮ ሰጥተዋቸዋል። «አንድም ቀን አልተነፈሰችም» ይላል አንደኛው።

እንዴት ይተንፍሱ! ሰው እየተናገረ ጣልቃ መግባት ለእሳቸው ነውር ነው። ረዑትንም እናቷ በልጅነቷ የቆነጠጠቻት ለዚሁ ነበር፤ እሷ ግን እዚህ የደረሰችው ቁንጥጫውን ረስታ፣ ከሰው አፍ መንጠቅ ተምራ ነው።

ደወለችላቸው።

«ይመለሱ እንጂ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ቤሰደር፣ ደህና ነው ልጄ፣ አትዘኚ። ትምህርት ለእኔ አልሆነም» አሏት።

ስልኩን ስትዘጋ የራሳቸው ወረቀት ከሥር ብቅ አለ። ለአራቱም አስር አስር ሰጥተዋል። ከግርጌው በደቃቅ ጽሑፍ፣ «ልጆቹ ጎበዝ ተናጋሪዎች ናቸው። እነሱ ሲጨርሱ እኔም የምለው አለኝ» ይላል።