ቫልቩ ያለበትን የሚያውቅ ሰው

ዋሲሁን ለአመራር ሥልጠና ከሂርና ጭሮ ሲመላለስ ይህ አራተኛ ቅዳሜው ነው። የሂርና ውሃ አገልግሎት የቧንቧ ጥገና አስተባባሪ ነው። ሥልጠናውን ካልጨረሰ የገለምሶ ቅርንጫፍ ኃላፊነት እንደማይታሰብ ተነግሮታል። አሠልጣኟ ኑሃሚን ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሁሉንም ስልክ በሰፌድ ትሰበስባለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ የኖረ ሰው ልጁን በምታክል ሴት ስልኩን ተቀምቶ ወንበር ላይ ሲቁነጠነጥ አረፈደ።

«ሰኞ ከሥራ ብትቀሩ ምን ይቆማል?» አለች።

ከቦኬ የመጣው ርዕሰ መምህር ማቲዎስ «ምንም! እንዲያውም እፎይ ይላሉ» ሲል ሳቅ ሆነ።

የዋሲሁን ተራ ደረሰ። «የሂርና ውሃ ይቆማል» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የተቀበሩት የውሃ መዝጊያ ቫልቮች የት የት እንዳሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ታዲያ ገለምሶ ሲሾሙ ሂርናን በጭንቅላትዎ ተሸክመው ሊሄዱ ነው?» አለች ኑሃሚን።

አሁንም ሳቁ። ምን ያውቃሉ? ከስምንት ዓመት በፊት እያንዳንዱን ቫልቭ በእርምጃ ለክቶ፣ በደብተር ሥሎ ለአንድ ኢንጂነር ሰጠ። ኢንጂነሩ የራሱን ስም ጻፈበትና በዚያው ትልቅ ወንበር ላይ ወጣ፤ ደብተሩንም ይዞት ሄደ። አቤት ቢል «ስምንተኛ ክፍል ደግሞ ካርታ ይሠራል?» ተባለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ወዲህ ቫልቭ ሊከፍት ሲል ረዳቱን ሳቢርን «መፍቻ አምጣ» ብሎ ያርቀዋል፤ ሲጨርስም አፈሩን መልሶ ይረግጠዋል።

ለሻይ ሲወጡ ስልኩን ከሰፌዱ ላፍ አደረገ። አሥራ አራት ጊዜ ተደውሏል። መልሶ ደወለ።

«ኦቦ ዋሲሁን! የት ጠፋህ?» ሳቢር ነው። «ዋናው መስመር ፈነዳ! ውሃው ጤና ጣቢያው ግቢ ገብቷል። ወላሂ፣ አራት ቦታ ቆፈርን፣ ቫልቩ የለም!»

«እንዳትነኩ! መጣሁ!»

«እስክትመጣ ማዋለጃ ክፍሉ ይገባል!»

ዋሲሁን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ እየሮጠ መንገድ ወጣ። አንድ የሚኒባስ ሾፌር «ሂርና! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። አንገቱን አስግጎ ቢያይ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ሴቶችና አንድ ጆንያ ብቻ። እስኪሞላ ሰዓት ይፈጃል። አንድ እግሩን አስገባ፤ መልሶ አወጣው።

«ኦቦ» አለ ሳቢር፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «ስድስት ዓመት መፍቻ አምጣ እያልክ ስታባርረኝ የማይገባኝ መስሎሃል? ሌባ ነኝ እንዴ?»

ዋሲሁን ‹ስምንተኛ ክፍል› የተባለበት ቀን ትዝ አለው።

«ከወፍጮ ቤቱ በር ተነስ» አለ በመጨረሻ። «ፊትህን ወደ መስጊዱ። አሥራ ሁለት እርምጃ። በኔ እርምጃ ነው፤ አንተ ቀውላላ ነህ፣ አሥር ይበቃሃል።»

የአካፋ ድምፅ ሰማ። አፈር፣ አፈር፣ ድንጋይ፤ ከዚያ ብረት።

«አገኘሁት! ... ዞረ! ቆመ፣ ኦቦ፣ ውሃው ቆመ!»

ሾፌሩ «ጋሼ፣ ትገባለህ ወይስ ትወጣለህ?» ሲለው በእጁ ሂድ አለው።

«ሌሎቹስ የት ናቸው?» አለ ሳቢር።

ዋሲሁን ደግሞ ተናደደ፣ በማን እንደሆነ እንጃ።

«ደብተር አምጣ። ግን መጀመሪያ ከላይ ‹የለካው ዋሲሁን› ብለህ ጻፍ። በትልቁ።»

«ጻፍኩ።»

«ከሥሩ ያንተን ጻፍ። የኔን እንዳትፍቅ ብቻ! ሁለተኛው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው...»