ስሙ የማይጠራ ቅጠል

ማዕዛ የታናሽ እኅቷን የልዩን ሆድ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገፍቶ ባየችው ጊዜ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» ማለት አቃታት። ሁለቱም ለዓመታት ልጅ አጥተዋል። ከሁለት ወር በፊት ቂርቆስ ሰፈር አንዲት መድኃኒት አዋቂ ዘንድ አብረው ሄደው፣ ከአንድ ማሰሮ የተቀዳ የቅጠል ውኃ በየጠርሙሳቸው ተቀብለዋል። ለማንም ቢነገር ስለሚረክስ፣ ላይናገሩ ምለዋል። ልዩ በየማለዳው ሳታጓድል ጠጣች። ማዕዛ ግን ምሬቱን አልቻለችውም፤ ባሏ እንዳያገኘው ጠርሙሱን በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች።

ማክሰኞ ዕለት ካዛንቺስ ጭማቂ ቤት ተገናኙ።

«ሰፊ ቀሚስ ላሰፋልሽ?» አለች ማዕዛ፣ በጥርሷ ብቻ እየሳቀች።

«ኧረ ማዕዚ፣ ገና ምኑ ታይቶ! ቀሚሶቼ ግን እምቢ ብለዋል። ደግሞ እዚህ ጋ ይወጋኛል» ብላ ቀኝ ጎኗን ያዘች።

«ታዲያ እናትነት በነጻ መሰለሽ?»

የልዩ ዓይን ቢጫ መምሰሉን ማዕዛ አየች። አየችና ዝም አለች። ቅናት ዓይኗን አላጠፋውም፤ አፏን ብቻ ዘጋው።

ዓርብ ልዩ ደረጃ መውጣት አቅቷት ሆስፒታል ገባች፤ ማዕዛም አብራት ነበረች። ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ውጤት ይዞ መጣ።

«ሆድሽ ውስጥ ያለው ውኃ ነው፤ ጽንስ የለም። የጉበትሽ ጥቃቅን የደም ሥሮች ተዘግተዋል። ይህን በአብዛኛው የምናየው የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ አንቺ ደግሞ አልተደረገልሽም። ሌላው መነሻው መርዛማ ቅጠል ነው። የጠጣሽው ቅጠል አለ? ካልነገርሽኝ ሕይወትሽን ልታጪ ትችያለሽ።»

«ምንም» አለች ልዩ፣ እኅቷን በልመና እያየች።

ለማዕዛ ቀድሞ የመጣላት እፎይታ ነበር፦ ልጅ የለም። በገዛ እፎይታዋ ደነገጠች። ቦርሳዋን ከፍታ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህን ሁለት ወር ጠጥታለች።»

«ማዕዚ! አረከስሽው!»

«ይርከስ!»

ልዩ አንገቱ ድረስ የሞላውን ጠርሙስ አየች። «ያንቺ አልጎደለም እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀምሱ» አለ ሐኪሙ እየጻፈ። «ዓይኗስ ቢጫ የሆነው መቼ ነው?»

«እኔ እንጃ» አለች ልዩ።

ማዕዛ ዝም ልትል ትችል ነበር። የጠየቀው ሐኪሙ ነበር፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ እኅቷ መለሰች።

«ማክሰኞ» አለች። «ጭማቂ ስንጠጣ አይቼዋለሁ።»