የጋሽ እምሩ ጆሮ

ተስፋሁን ላዳ ታክሲዋን የሸጠ ዕለት አላዘነም። ሃያ ሦስት ዓመት ነድቷታል፤ ሙሽራ ጭኖባታል፣ ምጥ የያዛት ሴት አድርሶባታል፣ የእናቱን አስከሬን ተከትሎባታል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን በሥራ ላይ ከሚያሳልፈው ይልቅ ከሥሯ ተጋድሞ የሚያሳልፈው ጊዜ በልጦ ነበር። ዛሬ ፍሬን፣ ነገ ካርቡሬተር፣ ከነገ ወዲያ ማርሚታ። መለዋወጫ ሲገኝ ቤንዚን ይጠፋል፤ ቤንዚን ሲገኝ ደግሞ ግማሽ ቀን ማደያ መሰለፍ ነው። አንድ የኮተቤ ሰው ለመለዋወጫ ሊፈታታት ሲወስዳት ተስፋሁን ቁልፉን ሰጠና ዞር ብሎ እንኳን አላያትም።

በምትኩ እሱና ባለቤቱ ሙሉዓለም ያላቸውን አሟጠው አንዲት ነጭ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። ማታ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ቻርጅ ይሰካባታል፣ ጠዋት ሳትነጫነጭ ትነሳለች። እጁን ዘይት አይነካውም። ሽቅቡን ከአትክልት ተራ ወደ ጊዮርጊስ ስትወጣ እንኳ አታቃስትም። ተስፋሁን በሃምሳ ሁለት ዓመቱ እንደ ጎረምሳ በመኪና ፍቅር ያዘው።

አንድ ነገር ብቻ አልወደደላትም። ዝግ ብላ ስትሄድ እግረኛ እንዲሰማት ብለው ሠሪዎቹ የገጠሙላት ድምፅ ነበራት፤ ከሩቅ እንደሚሰማ የንብ ቀፎ ያለ። ተሳፋሪዎች ይቀልዱባታል። አንዷ ወጣት፣ "ጋሼ፣ መኪናዎትን ጉንፋን ይዟታል እንዴ?" አለችው። የፒያሳ ተራ አስከባሪዎች ደግሞ እሱ ብቅ ባለ ቁጥር በአፋቸው "ዝዝዝ" ማለት ያዙ። በሦስተኛው ሳምንት አልቻለም፤ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ወዳጁ አጽብሐ ዘንድ ወሰዳት።

"ይሄ እኮ ለጥንቃቄ የተሠራ ነው" አለው አጽብሐ።

"እኔ የምነዳው ዓይኔን ገልጬ ነው። ንቀልልኝ።"

አጽብሐ ኮፈኑን ከፍቶ አንዲት ሶኬት ነቀለ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ እንደ ጥላ መሄድ ጀመረች።

ጋሽ እምሩ ዶሮ ማነቂያ ሳሉ የተስፋሁን የግድግዳ ጎረቤት ነበሩ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ደዋዩ "ሃሎ" ሲል ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ቁርሱን ይብላ አይብላም ያውቃሉ እየተባለ ይቀለድ ነበር። ሠፈሩ ሲነሳ ተስፋሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ፤ ጋሽ እምሩ ደግሞ መምህርት ከሆነችው ልጃቸው ከእየሩስ ጋር አምስት ኪሎ ቤት ተከራዩ። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ማኪያቶ መጠጣታቸውን አልተዉም። መንገዱ ፈርሶ በአዲስ መልክ ሲሠራ፣ የዱሮውን ሁሉ ረስተው አዲሱን የእግረኛ መንገድ በእርምጃ እየቆጠሩ እንደገና ተማሩት። ወደ ቤት ሊመለሱ ሲሉ የተስፋሁንን ላዳ ከሌላው ሁሉ ለይተው በትራቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እሱም ቆሞ ይጭናቸዋል።

ስለ አዲሷ መኪና ሲነግራቸው መረቁለት፤ ከዚያም ትንሽ አሰብ አድርገው፣ "እንግዲህ ከአሁን በኋላ አንተ ታየኛለህ እንጂ እኔ አልሰማህም" አሉት።

"አያስቡ፣ ጋሽ እምሩ። እኔ አይቼ እቆማለሁ" አላቸው።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ተስፋሁን ሰው አውርዶ፣ ከኬክ ቤቱ ጎን ካለችው ጠባብ መንገድ ወደ ዋናው ሊወጣ ዝግ ብሎ ይነዳ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ አዲስ ተሳፋሪ ነው። ጎንበስ ብሎ ነካ አደረገና ቀና ሲል ጋሽ እምሩ ፊት ለፊቱ ነበሩ። በትራቸው አስፋልቱን ነክቶ፣ አንድ እግራቸው ከጠርዙ ወርዶ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እያዳመጡ። ፍሬኑን ረገጠ። የመኪናዋ ፍጥነት ከሰው ሶምሶማ አይበልጥም ነበር፤ ግን ፓራውልቱ ጭናቸውን አገኛቸውና በጎናቸው አስፋልቱ ላይ ወደቁ።

በሩን ከፍቶ ሮጠ።

"ማነው?" አሉ ጋሽ እምሩ፣ በእጃቸው መሬቱን እየዳበሱ።

"እኔ ነኝ፣ ተስፋሁን ነኝ።"

"ተስፍሽ፣ ምንድነው የመታኝ?"

መንገዱ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። ተስፋሁን የወደቀውን በትር አነሳ፣ ከዚያም አፉ ከሱ ቀድሞ፣ "ሞተር ሳይክል ነው። ገጭቶዎት አመለጠ" አለ።

"ሞተር?" ከሕመሙ ይልቅ ይሄ ያስደነገጣቸው መሰለ። "እኔ እኮ ሞተር አልሰማሁም።"

"ፈጣን ነበር" አለ ተስፋሁን።

ያኔ ሰዎች ከየሱቁ መውጣት ጀመሩ። ማን ነው የገጫቸው ሲሉት፣ "ሞተር ነው፣ ወደ ታች ነው የሄደው" አላቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲናገረው ቀለለው። ሐኪም ቤት ለመጣው ትራፊክ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረና ፈረመበት። ጋሽ እምሩ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር። እየሩስ ጠመኔ የነካው ጋዋኗን ሳታወልቅ ከትምህርት ቤት ስትደርስ ተስፋሁንን የአባቷን ጫማ በጉያው ይዞ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። "እርስዎ ባይደርሱላቸው ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር፣ ጋሽ ተስፋሁን? ልጆችዎን ያሳድግልዎት፣ እግዜር ደጉን ነገር ሁሉ ያሳይዎት" አለችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ "አሜን" አለ።

አጥንታቸው በቀዶ ሕክምና ታሰረና ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤታቸው ገቡ። ተስፋሁን በሁለት ቀን አንዴ ብርቱካን ይዞ ይሄዳል። ልጦ ያጎርሳቸዋል፣ የፒያሳን ወሬ ያወራላቸዋል። ለራሱም ምክንያት ያበጅ ነበር። ሆን ብዬ አላደረግሁትም። ደግሞም አልሸሸሁም፣ ሐኪም ቤት ያደረስኳቸው እኔው ነኝ። እውነቱን ስለተናገርኩ አጥንታቸው ቶሎ አይገጥም።

አጥንቱ መግጠም ጀመረ። የተሰበረው ሌላ መሆኑን ተስፋሁን ያወቀው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። ሲገባ ሬዲዮኑ እስከ ጥግ ተከፍቶ ይጮሃል፤ ጋሽ እምሩ ጆሯቸውን ለጥፈውበት ተቀምጠዋል። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ይንጫረራል፤ አያነሱትም።

"ዕዝራ ነው" አለችው እየሩስ በሹክሹክታ፤ ዕዝራ የኬክ ቤቱ ጓደኛቸው ነው። "የማንንም ስልክ አላነሳም ብለዋል። ድምፁን ባልለየውስ እያሉ ይፈራሉ።"

"ለምን?"

"ጆሮዬ ከድቶኛል ይላሉ። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው፤ በመሣሪያ መርምሮ ደህና ናቸው አለ። እሳቸው ግን አላመኑም።"

ጋሽ እምሩ ሰምተዋል። "ምን ብዬ ልመን?" አሉ ሬዲዮኑን ዝም አሰኝተው። "ሞተር ሳይክል እኮ ነው፣ ተስፍሽ። እንደዚያ የሚያንቧርቅ ነገር አጠገቤ ድረስ መጥቶ ካልሰማሁ፣ ሐኪሙ ሊያጽናናኝ ነው እንጂ ሌላ ምንድነው? አጥንቴ ይድናል። ያለ ዓይን ሰባ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፣ አንድም ቀን አልከበደኝም። ያለ ጆሮ እንዴት እንደሚኖር ግን አላውቅበትም።" ጉንጫቸው ላይ እንባ ወረደ። በመዳፋቸው ጠረጉትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ተስፋሁን ብርቱካኑን እንደያዘ ቀረ። መናገር ነበረበት፤ ያኔ፣ እዚያው። አልተናገረም። ከጤና ጋር የተያያዘ አንድ የማይረባ ማጽናኛ ተናገረና ወጣ።

በማግስቱ አጽብሐ ዘንድ ሄዶ ሶኬቷን መልስልኝ አለው። አጽብሐ ፊቱን አየና ምንም ሳይጠይቅ መለሰለት። ምንም አልጠቀመም። አሁን ደግሞ በእያንዳንዱ መታጠፊያ መኪናዋ ማጉረምረም ስትጀምር ተስፋሁንን ያልበው ነበር። መኪናዋ ምን አጠፋች? አፍ ነበራት፤ አፏን የዘጋው እሱ ነው። ጠባቧ መንገድ አጠገብ ሲደርስ ዞሮ በሌላ በኩል መሄድ ጀመረ። ልጆቹ "አባዬ" ብለው ሲጠሩት ያቺ የእየሩስ ምርቃት ትዝ ትለዋለች።

በመጨረሻ ለሙሉዓለም ነገራት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ የያዘችውን አጣጥፋ ጨረሰች።

"ብትናገር መንጃ ፈቃድህን ይወስዱብሃል" አለች። "መኪናዋ መቆሟ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እሳቸው ግን በራሳቸው ጆሮ ላይ ተስፋ ቆርጠው እየሞቱ ነው።" ልብሱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። "እኔ ሂድ ብዬ ልገፋህ አልፈልግም። አንተ ራስህ ነህ መሄድ ያለብህ።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄደ። ብርቱካን አልያዘም። ጋሽ እምሩ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ እየሩስ ጠረጴዛው ጋ የተማሪ ደብተር ታርማለች። ተቀመጥ ሲሉት አልተቀመጠም።

"ጋሽ እምሩ፣ ሞተር ሳይክል አልነበረም።"

የእየሩስ እስክሪብቶ ቆመ።

"የገጨሁዎት እኔ ነኝ። በአዲሷ መኪና። ስልኬን እያየሁ ነበር።"

ጋሽ እምሩ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ከዚያ ተስፋሁን ያልጠበቀውን ጠየቁት።

"ድምፅ አልነበራትም?"

"ነበራት። እኔ ነኝ ያስዘጋሁት። ሰው ስለቀለደብኝ።"

"እና ምንም አታሰማም ነበር? ፈጽሞ?"

"ፈጽሞ።"

"ሽሽሽ የሚል ነገር ነበር" አሉ ጋሽ እምሩ ቀስ ብለው። "በግራ በኩል። እንደ ወረቀት መሬት ላይ ሲጎተት። ነፋስ መስሎኝ ነበር። ጎማው ነበር ማለት ነው።" ፊታቸው ተፈታ። "እየሩስ፣ ሰምቻለሁ እኮ። ጎማውን ሰምቼዋለሁ።" ሳቁ፤ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን እጅ ፈለጉ። ለተስፋሁን ጥፊ ይሻለው ነበር።

ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

"ስንት ቀን ሆነ?" አሉ።

"ሃምሳ ሁለት ቀን።"

"ሃምሳ ሁለት ቀን እዚህ ስትመላለስ፣ ደነቆርኩ ብዬ ሳለቅስ ታየኝ ነበር።"

"አዎ።"

"መግጨቱን ተወው። መኪና ያለበት ከተማ ነው፣ ሰው ይገጫል። አንተ ግን ያለኝን አንድ ነገር እንድጠራጠረው አደረግኸኝ። አጠገቤ ተቀምጠህ።" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "አሁን ሂድልኝ፣ ተስፋሁን።"

እየሩስ ተነስታ በሩን ከፈተችለት። ሲያልፍ ዓይኑን እያየች፣ "ስመርቅዎት አሜን ብለው ነበር" አለችው። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

በማግስቱ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቃሉን ለወጠ። ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ የቀድሞውን ወረቀት አውጥቶ ፊርማውን ካሳየው በኋላ፣ "ማንም ሳይከስህ ምን አመጣህ?" ብሎ ጠየቀው። ተስፋሁን አዲሱን ቃል ፈረመ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ተቀጣ፤ መንጃ ፈቃዱም ለስድስት ወር ተያዘ። መኪናዋ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። እሱ በአውቶቡስ ፒያሳ እየሄደ የአንድ ዘመዱን ሱቅ መጠበቅ ያዘ። አምስት ኪሎ ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እየሩስ ከበር ላይ፣ "አባባ ተኝተዋል" ብላ መለሰችው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ጋሽ እምሩ ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያቸውን እየገፉ፣ ከልጃቸው ጋር ወደ ኬክ ቤቱ ተመለሱ። ወሬው ሱቁ ድረስ ደረሰው። ተስፋሁን በር ላይ ቆሞ ብዙ አመነታ። ከዚያ ገብቶ ጠረጴዛቸው አጠገብ ሲደርስ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ጋሽ እምሩ ፊታቸውን ወደሱ አዞሩ።

"ተስፋሁን ነው" አሉ ለጓደኞቻቸው። "ተቀመጥ።"

ከጠረጴዛው ጫፍ ባለው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ዕዝራ፣ "እስቲ አሁን ንገረን፣ ምን ነበር የሆንከው?" ሲላቸው ጋሽ እምሩ ማኪያቷቸውን አስቀምጠው ነገሯቸው። ሶኬቷን፣ ስልኩን፣ ሞተር ሳይክሉን፣ ብርቱካኑን፣ ሃምሳ ሁለቱን ቀን። ምንም አልጨመሩም፤ ምንም አላስቀሩም። ከጠረጴዛው አንዱ ሰው ወንበሩን ከተስፋሁን ራቅ አደረገ። ተስፋሁን የመጣለትን ሻይ በሁለት እጁ እንደያዘ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አንዴ ሊነሳ ፈልጎ ጉልበቱ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ግን አልተነሳም።

"እንዲህ ነው የሆነው?" አለው ዕዝራ።

"እንዲህ ነው" አለ ተስፋሁን።

ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ጡረታና ወደ ቤት ኪራይ ዞረ። እሱን ያናገረው ሰው አልነበረም። ጋሽ እምሩ ሊሄዱ ሲነሱ ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

"እየሩስ አለች" አሉት። በጨዋነት ነው ያሉት፤ በቁጣ አይደለም። መደገፊያቸውን እየገፉ ወጡ።

ተስፋሁን የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጣ። በማግስቱም መጣና እዚያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።